በወደቀ ድምፅ የተነበበ ምዕራፍ

በሩን መክፈት።
ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል።
መስኮቱን መዝጋት፤ መጋረጃውን መሳብ።
ለብ ያለ ውኃ መጠጣት።
የዕለቱን ገጾች በልብ ማንበብ።
አስቸጋሪ ስሞችን ጮክ ብሎ መለማመድ።
አምባርና የጆሮ ጌጥ ማውለቅ።
ማንበብ።
የተሰናከለውን ዓረፍተ ነገር ከመነሻው መድገም።
የተነበበውን ማዳመጥ።
ማረም።
መፈረም።
መብራት ማጥፋት።

ይህን ሁሉ በየዕለቱ የምትፈጽመው ሴት በዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንባቢ ናት። በዚያ ቤት አንባቢነት ደመወዝና የዓመት ፈቃድ ያለው የሥራ መደብ ነው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚፈልጉትን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ጮክ ብላ ታነባለች፤ መሣሪያው ይቀዳል፤ ቅጂው ተባዝቶ ወደየቤቱ ይሄዳል። የውርስ ሕግ አንብባለች። የንብ እርባታ መመሪያ አንብባለች። የፍቅር ልብ ወለድም ፊቷን ሳታጨማድድ አንብባለች። አንድ ቀን ዳቦ ልትገዛ ቆማ ሁለት ቃል ስትናገር ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሰው ነጭ በትሩን ወደ ላይ አንሥቶ «እትዬ ድምፅ!» ብሎ ተጣራ። ስሙ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ሙጫ ተጣበቀባት።

የምታነብበት ክፍል ከትልቅ ቁም ሣጥን ጥቂት ቢሰፋ ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያው በስፖንጅ ተሸፍኗል። ገጽ ሲገለጥ ድምፅ እንዳያሰማ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ሱፍ ተነጥፏል። ተሽከርካሪ ወንበር ሰጥተዋት ነበር፤ ሲጢጥ ይላል ብላ አስወጥታ ባለ አራት እግር የእንጨት ወንበር አስገባች። ከመስተዋቱ ማዶ ባለ መሣሪያው ይቀመጣል፤ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ጨዋታ የማያልቅበት፣ ሥራውን ግን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው።

ለአዲስ አንባቢዎች የምታስተምረው ሕግ አንድ ነው። «አንባቢ የመስኮት መስተዋት ነው» ትላለች። «መስተዋቱ ቀለም ካለበት ውጭ ያለው ሁሉ ያንኑ ቀለም ይመስላል። አታልቅሱ፣ አትሣቁ፣ አታስረዱ። ማልቀስና መሣቅ የአድማጩ ድርሻ ነው፤ ድርሻውን አትብሉበት።»

ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። ያፈረሰችውም እሷ ናት።

*

ታላቅ ወንድሟ ግንበኛ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ተማሪ ነበር። አባታቸው ሲሞት እናታቸው ከሁለቱ ልጆች አንዱን ብቻ ማስተማር እንደምትችል ተረዳች፤ የትኛውን እንደሆነ ለመናገር ግን አንደበት አጣች። ልጁ ከምጡ ገላገላት። አንድ ሰኞ ጠዋት «ትምህርት ሰለቸኝ» አለና ወደ ግንበኞች ሄዶ የሲሚንቶ ባልዲ ይሸከም ጀመር። ውሸት መሆኑን እናቱም፣ መምህሩም፣ ታናሽ እህቱም ዐውቀዋል፤ ደፍሮ የተናገረ አልነበረም። ማምሻውን የደብተር ቦርሳውን ለእህቱ ሰጣት።

«ጋሼ፣ የቀረህን እኔ አነብልሃለሁ» አለችው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው ዕዳ አለብሽ» ብሎ ሣቀ። ቦርሳውን የያዘው እጁ በአንድ ቀን ተላልጦ ነበር።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ ይባላል። ልጅቱ ተማረች፤ አንባቢ ሆነች፤ ወንድሟ ግን ለብዙ ዘመን እንድታነብለት አልጠየቃትም። የሰው ቤት ሲገነባ፣ የራሱን ልጆች ሲያሳድግ፣ ሚስቱን ሲቀብር ዕድሜው ሄደ። አምሳውን ከተሻገረ በኋላ ውኃ የተጨመረበት ኖራ ፊቱ ላይ ፈነጠቀና ሁለቱንም ዓይኖቹን ወሰደ። ያን ጊዜ እህቱ ወደ ቤቷ አመጣችው። ጥቂት ወራት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ጠዋት ልብሱን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ፣ «ካቆምኩበት ክፍል መዝግቢኝ» አላት።

ከወጣቶች ጋር ተቀምጦ ክፍል በክፍል ወጣ። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹ «አንተ ሽማግሌ፣ ዲፕሎማ ምን ያደርግልሃል?» ሲሉት «የመቃብሬ ድንጋይ ላይ አጣብቀዋለሁ፤ ግንበኛ አይደለሁ?» ይላቸዋል። አሁን ለሥነ ጽሑፍ ዲፕሎማው አንድ ትምህርት ብቻ ቀርቶታል፤ የልብ ወለድ ትንተና። የታዘዘው መጽሐፍም ከሩቅ አገር ቋንቋ የተተረጎመ፣ «የተሰፋው ኳስ» የሚባል፣ ስለ ቤዝቦል የሚተርክ ልብ ወለድ ነበር።

*

ቤዝቦል በዚያ ከተማ የሚጫወተው የለም። ባለ መሣሪያው የመጽሐፉን ሽፋን ባየ ጊዜ ከመስተዋቱ ማዶ ሣቀ።

«እትዬ፣ ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ኳሱን በዱላ መትተው ሲያበቁ ራሳቸው ይሮጣሉ? ሌባ እንኳ መትቶ አይሮጥም!»

«ሌባ መትቶ ካልሮጠ ቆሞ ምን ይጠብቃል?»

«እሱስ ልክ ነዎት። በሉ ይጀምሩ።»

መጽሐፉ የአንድ ያረጀ ተቀባይ ታሪክ ነው። ተቀባይ ማለት ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ወርዋሪው የሚልከውን ኳስ በወፍራም ጓንት የሚይዝ ሰው ነው። ጓደኞቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እሱ ሲያዞሩ ሜዳውን ሙሉ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ከዘመን ብዛት ጉልበቱ ተበልቷል። ከአባቱ የወረሰው ጓንት በየምዕራፉ ይቀደዳል፤ አንዴ በጠፍር፣ አንዴ በጫማ ክር ይጠግነዋል። በመጨረሻው ጨዋታ፣ ውጤቱ እኩል ሳለ፣ ዱላ ይዞ የሚቆምበት ተራ ይደርሰዋል። ከቡድኑ አንድ ወጣት ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ቆሞ ወደ መነሻው የሚመለስበትን ቀዳዳ ይጠባበቃል። ሕዝቡ ሽማግሌው ኳሱን ከአጥር ውጭ እንዲያሳርፈው ይጮኻል። ሽማግሌው ግን ዱላውን አግድም ይዞ ኳሱን ነካ ብቻ ያደርገዋል። ኳሱ ሣሩ ላይ ጥቂት ይንከባለላል። ሽማግሌው እያነከሰ ይሮጣል። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፦ «ኳሱ ቀደመው። ወጣ። ወደ አግዳሚው ወንበር ሲመለስ ጓደኞቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ትከሻውን ነኩት።» ወጣቱ ከጥቂት ገጾች በኋላ ወደ መነሻው ተመልሶ ቡድኑ ያሸንፋል። ስለ ሽማግሌው ግን ደራሲው አንድ ቃል አልጨመረም።

እትዬ ድምፅ እዚህ ላይ ስትደርስ ሕጓን ረሳች። የጨዋታውን ሕግ አታውቅም፤ ሜዳ ላይ የቀረ ሽማግሌን ግን የምታውቅ መሰላት፤ እቤቷ አለ። «ወጣ» ስትል ድምፅዋ ወደቀ። «ትከሻውን ነኩት» የሚለውን ለቀስተኛ ሐዘንተኛን በሚያጽናናበት ቃና አነበበችው። ባለ መሣሪያው አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። ሁለቱም መልካም ሥራ ሠራን ብለው ፈረሙ።

*

ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ይህ በጎ ምልክት አልነበረም።

«ወደቅሁ» አለ።

«የቱን?»

«የኳሱን። የትንተና ጽሑፌን መለሰልኝ።»

ሻይ ቀዳችለትና እጁን ወደ ብርጭቆው መራችው። «ምን ብለህ ጽፈህ ነበር?»

«ዋናው ጭብጥ የሽማግሌ ሽንፈት ነው አልኩ። ዱላው የኩራት ምሳሌ ነው፤ ኩራት ሲሰበር ወጣትነት ይነሣል። ጓደኞቹ ትከሻውን የነኩት ቀብር ላይ እንደሚደረገው ነው፤ ሰውየው በቁሙ ተቀበረ አልኩ። አቤት አምሮብኝ ነበር!»

«መምህሩስ?»

«‹በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የተቀበረ ሰው የለም› አለ። ከዚያ ምን አለ መሰለሽ? ‹የሚገርመው፣ ቅጂውን ያዳመጣችሁት በሙሉ ስለ ቀብር ጻፋችሁ፤ በዓይናቸው ካነበቡት መካከል ግን አንድም ሰው ቀብር አላየም። ምን ነክቷችኋል?›»

እህትየው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ብረቱ ከጠረጴዛው ጋር ሲጋጭ ድምፁ ለራሷ እንኳ በዛባት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የወደቁት በሙሉ በቃል ይፈተናሉ። ትምህርቱ ከዚያ ዓመት በኋላ እንደማይሰጥ ተነግሯል፤ ስለዚህ በቃሉ ፈተና የወደቀ ዲፕሎማውን አያገኝም።

በማግስቱ ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ ያረጀ የስፖርት ሕግጋት መጽሐፍ ይዛ መጣች። ራት ሳይቀርብ ጠረጴዛውን አጸዳችና የወንድሟን እጅ ያዘች።

«ይህ የስኳር ማስቀመጫ መነሻው ነው፤ ቤት ይሉታል። ማንኪያው የመጀመሪያው ማረፊያ። የበሩ ቁልፍ ሁለተኛው። የመድኃኒትህ ጠርሙስ ሦስተኛው። ዞሮ ወደ ስኳሩ የተመለሰ አንድ ነጥብ ያገኛል።»

ጣቶቹ ዕቃዎቹን ተራ በተራ ዳሰሱ። «ይኼማ መሠረት ነው። አራቱ ማዕዘን ልክ ነው፤ ቁልፉን ግን ወዲህ ሳቢው፣ ጠምሟል።»

ሳበችው።

«ወጣቱ የት ነው?»

«ቁልፉ ላይ።»

«ሽማግሌው ስኳሩ ላይ። እሺ። ሽማግሌው ባለ በሌለ ኃይሉ መትቶ ኳሱን አየር ላይ ቢይዙትስ?»

ገጹን አየች። «ይወጣል፤ ተራው ያበቃል። ልጁም ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቀራል።»

«ነካ ቢያደርገውስ?»

«ኳሱን ለማንሣት ሲሯሯጡ ልጁ ጠርሙሱ ጋ ይደርሳል። ሽማግሌው ይወጣል።»

«ዐውቆ?»

«ዐውቆ። የመሥዋዕት ምት ይሉታል።»

ወንድምየው ጣቱን ከቁልፉ ወደ ጠርሙሱ ወሰደ፤ መለሰ፤ እንደገና ወሰደ። ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሣቀ። «እኔ ደግሞ ቀበርኩት! ትከሻውን የነኩት እንግዲህ...»

«ደግ ሠራህ ሲሉት ነው።»

«አንቺ ግን ነፍስ ይማር እንደሚባል አድርገሽ አነበብሽው።»

«አዎ» አለች። ማስተባበል ልማዷ አልነበረም።

ሣቁ ቆመ። በጣቱ ጠርሙሱን ያዝ አድርጎ «አየሽ» አለ፤ «እኔንም የምታነቢኝ በዚያው ድምፅ ነው። ሰው ሲጠይቅሽ ‹ወንድሜ ለእኔ ሲል ቀረ› ትያለሽ። ‹ቀረ› ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ ጉድጓድ ይገባል። እኔ ጉድጓድ ውስጥ የለሁም፤ እዚህ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ያን ጊዜም ዐውቄ ነው የነካሁት። አንቺ ግን ይኸው ስንት ዘመን ጠርሙሱ ላይ ቆመሽ ታለቅሽልኛለሽ። ሩጪ እንጂ!»

ሴትዮዋ የሕግጋቱን መጽሐፍ ዘጋች።

«ምዕራፉን እንደገና አነበዋለሁ።»

«እኔስ ገባኝ።»

«የገባህ ከማንኪያና ከቁልፍ ነው። ከእኔ አይደለም። አነብልሃለሁ ብዬ ነበር፤ እስካሁን አላነበብኩልህም። ደግሞ ሌሎቹ ተማሪዎች ማንኪያና ቁልፍ የሚደረድርላቸው የለም።»

ወንድሟ ጣቱን ከጠርሙሱ አነሣ። «እውነቱን ልንገርሽ? ጆሮዬ ውስጥ የተቀመጠው ያንቺ ሐዘን ነው። ሕጉን ባውቅም ምዕራፉን ሳስታውስ አሁንም ቀብር ይሰማኛል። በይ አንብቢው።»

*

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወጣት ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ እርሳስ እንኳ ተጋድሞ አይታይም። ነገሩን ጨርሳ ሰማች።

«እትዬ፣ የተፈረመ ቅጂ አይከፈትም።»

«ዐውቃለሁ።»

«ክፍሉም እስከ ወሩ መጨረሻ ለመማሪያ መጻሕፍት ተይዟል። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

«ደንቡ ጥሩ ነው፤ አልተጣላሁትም። ከሥራ ሰዓት በፊት ክፍሉ የማን ነው?»

«የማንም።»

«እንግዲያው የእኔ ነው።»

ኃላፊዋ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ሁለት ነገር አስቀመጠች። አንደኛ፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ ተቀዶ አይጣፍም፤ የጠዋት ድምፅና የከሰዓት ድምፅ አይገጥምምና የመጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል በሙሉ ከመነሻው መነበብ አለበት። ሁለተኛ፣ ከፈተናው በፊት ካላለቀ አሮጌው ቅጂ እንዳለ ይቆያል። እትዬ ድምፅ ሁለቱንም ተቀበለች። እሷ በኃላፊዋ ቦታ ብትሆንም ከዚህ ያነሰ አትጠይቅም ነበር።

ባለ መሣሪያው ጎሕ ሲቀድ መነሣት እንዳለበት ሲሰማ እጁን ልቡ ላይ አደረገ። «እትዬ፣ እኔ በዚያ ሰዓት ሬሳ ነኝ።»

«ሬሳ አያንኮራፋም። ሚስትህ ነግራኛለች።»

«እሷ ደግሞ የማትናገረው የላትም! እሺ፤ እመጣለሁ። ግን ዳቦ ይዘው ይምጡ።»

ቀሪው እንቅፋት ከግድግዳው ወዲያ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ጎረቤት የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ቀጥቃጭ ነው፤ ገና ጎሕ ሲቀድ መዶሻውን ያነሣል። በስፖንጅ የተሸፈነ ግድግዳ ወሬ ያግዳል፤ መዶሻ ግን አያግድም። እትዬ ድምፅ የሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ጠዋት ጠዋት ጥቂት ብትታገሠኝ ብዬ ነው።»

ቀጥቃጩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «እትዬ፣ ብረት የሚቀጠቀጠው ጠዋት ሲቀዘቅዝ ነው ብልዎት ያምኑኛል?»

«አላምንህም።»

«እኔም አላምንም። ግን ሥራ ተደርቦብኛል።»

«ወንድሜ ፈተና አለበት።»

«ያ ግንበኛው? ዓይኑን ያጣው?» መዶሻውን አስቀመጠ። «በሉ እሺ። ፀሐይ ያንን የቆርቆሮ ጣሪያ እስክትነካ ድረስ መዶሻ አላነሣም። ከዚያ በኋላ ግን መልአክ ወርዶ ቢያነብም አልሰማም!»

«እግዜር ይስጥልኝ። በምትኩ ምን ላድርግልህ?»

«አንድ ቀን እቤት መጥተው በዚያ ድምፅዎ ለሚስቴ ‹ባልሽ ልክ ነው› ይበሉልኝ።»

«ልክ ከሆንክ እላታለሁ።»

«እንግዲያው ይተዉት።»

*

እነሆ ሥራው ተጀመረ። ሰማዩ ግራጫ ሳለ በሩን ትከፍታለች፤ ወለሉን ትወለውላለች፤ ውኃ ትጠጣለች፤ አምባሯን ታወልቃለች። ጉሮሮ ከእንቅልፍ ሲነሣ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው፤ እስኪፈታ ድረስ ስሞችን ትለማመዳለች። ፀሐይ ጣሪያውን ስትነካ መዶሻው ይነሣል፤ ያን ጊዜ መጽሐፉን ዘግታ የመደበኛ ሰዓቷን ሥራ ትጀምራለች። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ጉንፋን ያዛት። አንድ ጠዋት ያነበበችውን አዳምጣ «ይህ የሌላ ሴት ድምፅ ነው» አለችና በሙሉ አስጠፋችው።

ባለ መሣሪያው ዳቦውን እያኘከ «እትዬ፣ እስከ መቼ ነው?» አላት።

«ይህ ጨዋታ በሰዓት አያልቅም። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ነው የሚያልቀው።»

«እኔ ቀድሜ እንዳልወጣ ፈራሁ።»

ያ ምዕራፍ የደረሰው ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። «ኳሱ ቀደመው። ወጣ።» ድምፅዋ ወደቀ። ደገመችው፤ ወደቀ። ሕጉን ታውቃለች፤ ትርጉሙን ታውቃለች፤ ምላሷ ግን የለመደውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ተናደደችና በሙሉ ደስታ አነበበችው። ባለ መሣሪያው እጁን አነሣ።

«አሁን ደግሞ ሠርግ ሆነ።»

ልክ ነበር። ሐዘኑን አጥባ በምትኩ ደስታ ብትቀባው መስተዋቱ ያው ቀለም አለበት። መዶሻው ተነሣ፤ የዚያን ጠዋት አልተሳካም።

ማምሻውን ለወንድሟ ነገረችው። ወንድምየው አልሣቀም፤ የሙያ ነገር ሲነሣ አይሥቅም።

«ቱምቢ ታውቂያለሽ?»

«ክብደት የታሰረበት ገመድ፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የምታዩበት።»

«አዎ። አዲስ ሠራተኛ ቱምቢ ሲይዝ ገመዱን ቀጥ ላድርገው ብሎ ይታገላል። በታገለ ቁጥር ይወዛወዛል። ቀጥ የሚያደርገው ክብደቱ ነው። ያንቺ ሥራ ከላይ መያዝና ዝም ማለት ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ዓረፍተ ነገሩን በልቧ አነበበች። በዚያ «ወጣ» በሚል ቃል ውስጥ የነበረውን ወንድሟን፣ ቦርሳውን፣ የተላላጠውን እጅ እዚያው ተወቻቸው፤ አላነሣቻቸውም፤ አልገፋቻቸውም። ከላይ ያዘች። «ኳሱ ቀደመው። ወጣ። ወደ አግዳሚው ወንበር ሲመለስ ጓደኞቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ትከሻውን ነኩት።» ባለ መሣሪያው ዳቦውን ከአፉ አውጥቶ ያዘ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ለእሱ ይህ ብርቅ ነገር ነበር። ቀጠለች። ከፈተናው በፊት ባለው ቀን የመጨረሻው ገጽ አለቀ፤ አዳመጠች፤ አረመች፤ ፈረመች። ኃላፊዋ አሮጌውን ቅጂ በራሷ እጅ ከመደርደሪያው አነሣች፤ አዲሱም በዚያው ከሰዓት ለተማሪዎቹ ታደለ።

ወንድሟ ምዕራፉን ጓዳው ውስጥ ሆኖ ሦስቴ አዳመጠው። ሲወጣ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

*

የፈተናው ክፍል በር አይገጥምም፤ ማጠፊያው ረግቧል። እትዬ ድምፅ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በጭላንጭሉ በኩል የመምህሩ ቀጭን ድምፅና የወንድሟ ወፍራም ድምፅ ይሰማ ነበር።

«የመጽሐፉ ስም ስለ ምን ‹የተሰፋው ኳስ› ሆነ?»

«ኳሱ ሁለት ቁራጭ ቆዳ ነው፤ የያዘው ክር ነው። ሲበር ክሩ አይታይም። ወርዋሪው ግን ጣቱን የሚያሳርፈው ስፌቱ ላይ ነው፤ ያለ ስፌት መወርወር አይችልም። ያ ሽማግሌም እንደ ክሩ ነው። ቡድኑ የተያዘው በእሱ ነው፤ ሲበር የሚታየው ግን ቆዳው ነው።»

«ጓንቱስ?»

«ጓንቱ የአባቱ ነው። በየጊዜው ይቀደዳል፤ በየጊዜው ይጠግነዋል። ውርስ ማለት ተቀብለህ የምታስቀምጠው አይደለም፤ ካልጠገንከው ኳሱ ያመልጥሃል።»

የወረቀት ድምፅ ተሰማ። «ወደ መጨረሻው ጨዋታ እንምጣ። ባለፈው ተቀበረ ብለሃል። አሁን አሸነፈ ልትለኝ ነው?»

ውጭ የተቀመጠችው ሴት ወደ ጭላንጭሉ ጠጋ አለች።

«አሸነፈ አይልም መጽሐፉ» አለ ወንድምየው። «ወጣ ነው የሚለው። ደስ ብሎት ወጣ አይልም፤ አዝኖ ወጣም አይልም። ዐውቆ ነው ያደረገው፤ ይህ እርግጥ ነው። ልጁ ወደ ቤት የገባው በእሱ ነው፤ ይህም እርግጥ ነው። ግን መምህር፣ ጉልበቱ ያመዋል። ኳሱን በኃይል ቢመታው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያለ ዕድሜውን ሙሉ ያስባል። ሰው የሰጠው ነገር ያምረዋል። ያማረው ስለሆነ ነው መሥዋዕት የተባለው፤ የማያምርህን መስጠትማ ዕቃ ማውጣት ነው። ጓደኞቹ ይህን ስለሚያውቁ ትከሻውን ነኩትና ዝም አሉ።»

«ከመጀመሪያው ጽሑፍህ በጣም የራቀ ነው» አለ መምህሩ። «ምን ተለወጠ?»

«ቅጂው ተለወጠ። አንባቢዋ እንደገና አነበበችው።»

«መልካም አድርጋለች። አልፈሃል።»

እህትየው ኮሪደሩ ውስጥ ለብቻዋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። «ሰው የሰጠው ነገር ያምረዋል» የሚለውን ከወንድሟ አፍ ሰምታው አታውቅም ነበር፤ ጠይቃውም አታውቅም። ሰማችው። አላለቀሰችም። ድርሻው የእሷ ስለሆነ ማልቀስ ትችል ነበር፤ ግን በሩ ተከፈተ።

ወንድሟ በትሩን ወለሉ ላይ እየነካካ ወጣና ቆመ።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«አለፍኩ።»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? መጽሐፉን አላነበብሽም እንዴ? ትከሻዬን ንኪኝ እንጂ!»

ተነሥታ ትከሻውን ነካችው። ከዚያ ክንዷን ሰጠችው፤ ደረጃውንም አብረው ወረዱ። የቀረህን አነብልሃለሁ ብላ በልጅነቷ የገባችው ዕዳ በዚያ ቀን በሙሉ ተከፈለ፤ ቀሪ የለውም።